የብቅል ወፍጮ ለቤት ጠማቂ፦ አመራረጡና አስተካከሉ

የብቅል ወፍጮ ልግዛ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ማርክ እንደሚሻል ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ፈሳሹን ከአተላው የምትለዩት በምንድን ነው? ቢራውን በብቅሉ በራሱ ገለባ ላይ አሳልፋችሁ የምታጠሉ ከሆነ አንድ ዓይነት አፈጫጭ ያስፈልጋችኋል። በጨርቅ ከረጢት ዘፍዝፋችሁ ከረጢቱን የምታወጡ ከሆነ ሌላ። የምትጠምቁት ጠላ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ። ብቅሉ አንድ ሆኖ ሳለ ለአንዱ ልክ የሆነው አፈጫጭ ሌላውን ያበላሸዋል።

የገብስ ብቅል ፍሬ ከውጭ ገለባ፣ ከውስጥ ነጭ ዱቄታማ ስታርች ነው። ብቅሉ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲዘፈዘፍ፣ ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ለዚህ ውሃው ፍሬው ውስጥ መግባት አለበት፤ ሳይሰበር ያመለጠ ፍሬ እንደገባ ይወጣል፣ የሚሰጠው ነገር የለም። የገለባው ሥራ ሌላ ነው። በመዘፍዘፊያው ግርጌ ተነጥፎ ራሱ ማጥለያ ይሆናል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ቢራ የምንፈልገው ገለባው ሳይደቅ ሰፋ ብሎ የቀረ፣ ውስጡ ግን ከአራት እስከ ስድስት ቦታ የተሰባበረ ብቅል ነው። ገለባው ከደቀቀ ማጥለያው ይደፈናል፤ ከ77 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ሲታጠብ ደግሞ እንደ ጠነከረ ሻይ ምላስ የሚይዝ ጣዕም ይለቃል።

አፈጫጩ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በቁጥር እንየው። የፈሳሹን ስኳር የምንለካው በሃይድሮሜትር ነው፤ ውሃ ላይ 1.000 ያሳያል፣ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ 0.001 አንድ ነጥብ ይባላል። አንድ ኪሎ ጥሩ የፋብሪካ ብቅል ያለው ስኳር ሁሉ ወጥቶ በአንድ ሊትር ቢገኝ ወደ 300 ነጥብ ይሰጣል። 5 ኪሎ ብቅል ለ20 ሊትር ቢራ ብትጠቀሙ ከፍተኛው ሊገኝ የሚችለው 75 ነጥብ ነው። ከዚያ 65 ከመቶውን ብቻ ካወጣችሁ ሃይድሮሜትሩ 1.049 ያሳያል፤ 75 ከመቶ ካወጣችሁ 1.056። በእነዚህ ሰባት ነጥቦች መካከል ከግማሽ ከመቶ በላይ የአልኮል ልዩነት አለ፤ ከቤት ጠማቂ ዘንድ ደግሞ ይህን ልዩነት ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኛው አፈጫጩ ነው። «ብቅሉ ደካማ ነው» ተብሎ ሻጩ የሚታማበት ጉዳይ ብዙ ጊዜ ቤት ያለው ወፍጮ ሥራ ነው።

የጠላ ነገር ይለያል። ለጠላ የሚፈጨው ብቅል ማጥለያ የመሆን ግዴታ የለበትም። ከጌሾው ጋር ጥንስሱ ውስጥ ይገባል፣ በኋላም ከእንኩሮው ወይም ከአሻሮው ጋር ድፍድፍ ይሆናል፤ አተላው ሲቀመጥ ፈሳሹ ከላይ ተቀድቶ በጨርቅ ይጠላል። ሙቀቱም 65 ዲግሪ አይደርስም። ኢንዛይሞቹ በክፍሉ ሙቀት ቀስ እያሉ ለቀናት ይሠራሉ፣ እርሾውም ጎን ለጎን ስኳሩን ይበላል። እንኩሮው ምጣድ ላይ የሚታመሰውም ስታርቹ አስቀድሞ እንዲበስልና ለብቅሉ ቀላል እንዲሆን ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ደቃቁ ይጠቅማል፦ ብቅሉ ሻከር ያለ ዱቄት ሆኖ መፈጨት አለበት፤ ሽርክት ሆኖ ከቀረ ግማሽ ጉልበቱ አተላ ውስጥ ይቀራል። እንደ ጤፍ ዱቄት ልም ማድረጉም አይመከርም፤ ውሃ ሲነካው ይጓጉላል፣ ጠላውም ቶሎ አይጠራም።

ከዚህ ተነስቼ ፍርዴን ልስጥ። ጠላ ብቻ ለሚጠምቅ ሰው ባለ ሮለር ወፍጮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቢራ በገለባው ላይ ለሚያጠል ሰው ደግሞ ከሮለር ሌላ መግዛት ትዕግሥት ማባከን ነው።

የወፍጮ ዓይነቶች

በጣም ርካሹና በብዛት የሚገኘው ባለ ሁለት ዲስክ የእጅ ወፍጮ ነው። በሰሜን አሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ዘንድ «ኮሮና» በሚለው የኮሎምቢያ ማርክ ስም ይጠራል (ከበሽታው ጋር ዝምድና የለውም)፤ መጀመሪያ የተሠራው ለበቆሎ ነው። አንደኛው ዲስክ የቆመ፣ ሁለተኛው ከእጀታው ጋር የሚዞር ነው፤ እህሉ በሁለቱ መካከል ይፈተጋል። ስለሚፈትግ ገለባውን ይቀድደዋል። ለከረጢት ቢራና ለጠላ ይህ ጉዳት የለውም። 5 ኪሎ በእጅ ለመፍጨት ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ክንድ ማድከም ግን አይቀርም።

ባለ ሁለት ሮለሩ ፊታቸው የተወቀረ ሁለት የብረት ሮለሮች አሉት፤ አንዱ በእጀታ ወይም በሞተር ይዞራል፣ ሌላው በእህሉ ተገፍቶ ይከተላል። ፍሬውን ጨፍልቆ ይሰነጥቀዋል እንጂ አይፈትገውም። ስትገዙ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው የሮለሩ ውፍረት ነው፦ ቀጭን ሮለር ክፍተቱ ሲጠብ ፍሬውን መያዝ ያቅተዋል፣ ፍሬው ላዩ ላይ ይጨፍራል። በቤት ወፍጮዎች የተለመደው ከ32 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወፍራሙ ይሻላል። ሁለተኛው ክፍተቱ በሁለቱም ጫፍ መስተካከሉ ነው፤ በአንድ ጫፍ ብቻ የሚስተካከል ወፍጮ ሮለሮቹን ያጣምማል። ሦስተኛው ሮለሩ የሚዞርበት ነገር ነው፦ ኩሽኔታ ወይም የነሐስ ቡሽ ያለው ዕድሜ አለው፤ በአሉሚኒየሙ አካል ቀዳዳ ውስጥ ብቻ የሚዞር ርካሽ ወፍጮ በሞተር ከነዳችሁት ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። የሮለሩ ብረት አይዝጌ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋው ይከብዳል፤ ደረቅ እስካደረጋችሁት ድረስ ተራው ብረትም ያገለግላል።

ባለ ሦስት ሮለር አለ። ከላይ ያለው የመጀመሪያ ክፍተት ቋሚና ሰፊ ነው፣ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ፍሬውን ቀድሞ ይጠፈጥፈውና ሁለተኛው ክፍተት ይሰብረዋል። ገለባ አጠባበቁ የተሻለ ነው። ከባለ ሁለቱ ግን ጠንካራ ሞተር ይፈልጋል፤ በወር አንዴ 20 ሊትር ለሚጠምቅ ሰው ልዩነቱ ገንዘቡን አያወጣም።

ስለ ቅመም መፍጫዎቹ አንድ ቃል። ክዳን ያላቸው፣ ከታች ምላጭ የሚሽከረከርባቸው ትናንሽ የኤሌክትሪክ መፍጫዎች ገለባና ውስጥ አይለዩም፣ ሁሉን ዱቄት ያደርጉታል። ለጠላ ብቅል ይሆናሉ፤ ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ እያደረጋችሁ፣ ሞተሩ ሲሞቅ እያሳረፋችሁ። ለጌሾ ቅጠልም ከሙቀጫ ይልቅ ይፈጥናሉ። ጌሾውን ግን በብቅል ወፍጮው በፍጹም አታሳልፉ፤ ምሬቱ በተወቀረው ፊት ውስጥ ተደብቆ ይቀርና ለሚቀጥለው ቢራ ይደርሳል።

አገር ቤት ያለ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ወፍጮ ቤት እያለ ለምን ይገዛል? ለጠላ እውነት ነው፣ አያስፈልግም። ለወፍጮ ቤቱ ሰው «ለጠላ ነው፣ አታልመው» ማለት ይበቃል። ጥንቃቄው ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ማየት ነው። ከበርበሬ ወይም ከሽሮ ቀጥሎ የገባ ብቅል ሽታውን ይዞ ይወጣል፤ ጤፍ ወይም ገብስ እስኪያልፍ ጠብቁ። ለቢራ ከሆነ ግን የወፍጮ ቤት ድንጋይ ገለባውን ሳይፈትግ አይለቅም፤ የሽርክት ልክ ላይ ቢያደርግላችሁ እንኳ ውጤቱ ለከረጢት እንጂ ለገለባ ማጥለያ አይሆንም።

ክፍተቱን ማስተካከል

በሮለር ወፍጮ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሁለቱ ሮለሮች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ማስተካከያው ጎን ላይ የተጻፈው ምልክት ወይም ቁጥር አይታመንም፤ ለመመለሻ ምልክት እንጂ ለልኬት አይሆንም። መለኪያው መካኒኮች የሞተር ቫልቭ የሚያስተካክሉበት ፊለር ጌጅ ነው፣ ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ያሉት፤ በየመለዋወጫ ሱቁ በርካሽ ይገኛል። እሱ እስኪገኝ የባንክ ካርድ ያግዛል፣ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እህል ማጉረሻውን አንሱ፣ ሮለሮቹን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ፤ በጥርሶቹ መካከል የቀረ አንድ ቅንጣት ብቅል ልኬቱን ያስታል። የማስተካከያውን ማጥበቂያ ብሎኖች በሁለቱም ጫፍ ፍቱ። 1.0 ሚሊ ሜትሩን ቅጠል ከአንደኛው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በሮለሮቹ መካከል አስገቡ፣ ማስተካከያውን እስኪነካው አዙሩ። ቅጠሉ ሲሳብ ትንሽ መያዝ አለበት፤ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ጠቧል፣ ያለ ምንም ስሜት ከወጣ ሰፍቷል። ሌላውን ጫፍ እንደዚሁ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጫፍ ተመለሱ፤ ሁለተኛው ሲስተካከል የመጀመሪያው ጥቂት ይሸሻልና። አሁን ማጥበቂያዎቹን አጥብቁና እንደገና ለኩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ማስተካከያውን ይዞት ይዞራል፣ 1.0 ብላችሁ የተዋችሁት 0.85 ሆኖ ይገኛል። የሚሸሽበትን አቅጣጫ አንዴ ካወቃችሁት በሚቀጥለው ያንኑ ያህል አስቀድማችሁ ማካካስ ትችላላችሁ።

መነሻ ልኮቹ እነዚህ ናቸው። በገለባ ለሚጠል የገብስ ብቅል ከ1.0 እስከ 1.1 ጀምሩ፤ ፈሳሹ በደንብ ከወረደ በየጠመቃው 0.05 እያጠበባችሁ እስከ 0.9 ውረዱ። ለከረጢት ከ0.65 እስከ 0.75። ለስንዴ ብቅል ከ0.75 እስከ 0.85፤ ስንዴ ከገብስ ያነሰና የጠጠረ ነው፣ ገለባም የለውም፣ ስለዚህ የሚበላሽ ነገር የለም። ገብስና ስንዴ የሚቀላቀሉ ከሆነ ለየብቻ ፍጩና ኋላ ደባልቁ። አንድ ላይ በ1.0 ካሳለፋችኋቸው ስንዴው ግማሹ ሳይሰበር ያልፋል፤ በ0.8 ካሳለፋችኋቸው የገብሱ ገለባ ይደቃል።

ልኩ ግን መነሻ ብቻ ነው፤ ፈራጁ ዓይን ነው። 200 ግራም ፍጩና ነጭ ወረቀት ወይም ሰፌድ ላይ በትኑት። በጣት እየገፋችሁ ያልተሰበረ ፍሬ ፈልጉ። ሙሉ የሚመስለውን አንሡና በጥፍር ጫን በሉት፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ወጥቶ ገለባው ብቻ ፍሬ መስሎ የቀረ ነው፣ ባዶውን ይሰነጠቃል። ይህ ትክክለኛው ምልክት ነው። ከመቶ ሁለት በላይ እውነተኛ ሙሉ ፍሬ ካገኛችሁ 0.05 አጥብቡ። ከዚያ ያንኑ 200 ግራም በዱቄት ወንፊት ንፉትና ከሥር የወረደውን መዝኑ፤ ከክፍተቱ ልክ ጋር ደብተር ላይ ጻፉት። የየቤቱ ወንፊት ዓይን ስለሚለያይ የሌላ ሰው ቁጥር አይጠቅማችሁም፤ የራሳችሁ ቁጥር ግን ከጥቂት ጠመቃ በኋላ በየትኛው የዱቄት መጠን ላይ ማጥለያችሁ እንደሚደፈን ይነግራችኋል።

የዲስኩ ወፍጮ በፊለር ጌጅ አይለካም። የሚዞረው ዲስክ ይወዛወዛልና ክፍተቱ በየዙሩ ይለያያል። ባዶውን እያዞራችሁ የማስተካከያውን ብሎን አጥብቁ፤ ዲስኮቹ ሲነካኩ የመፋቅ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ለከረጢት ቢራ ሩብ ዙር ፍቱ፤ ለገለባ ማጥለያ ግማሽ ዙር ያህል ፍቱና እየፈጫችሁ አስተካክሉ። ለጠላ ድምፁ ልክ በጠፋበት ቦታ ተዉት። ውዝዋዜው ከበዛ ከቆመው ዲስክ ኋላ በአንድ ጎን ስስ ራንዴላ ማስገባት ብዙ ይረዳል፤ ድምፁ በዙሩ ሁሉ እኩል እስኪሆን ድረስ ቦታውን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ብሎኑ በሥራ ላይ እንዳይሸሽ ሁለተኛ ዳዶ ጨምሩና ከመጀመሪያው ጋር አፋጥጡት። የተፈጨው ውስጥ ግራጫ ጭረት ካያችሁ ወይም ብረት ብረት ከሸተተ ዲስኮቹ እየተፋጩ ነው፣ ወዲያው ፍቱ።

የእኛ ገብስና ሌሎች እህሎች

ከላይ ያሉት ልኮች የተነሱት ፍሬው እኩል ከሆነ የፋብሪካ ብቅል ነው። ለቢራ ፋብሪካ የሚዘራው ገብስ፣ እንደ ሆልከርና ትራቨለር ያለው፣ ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ ፍሬው ሞላ ያለና ተመሳሳይ ነው። ከገበያ የሚገዛው የምግብ ገብስ ግን ብዙው ባለ ስድስት ረድፍ ነው። በዛላው ላይ የጎን ፍሬዎቹ ቀጠን ያሉና ጠምዘዝ ያሉ ስለሆኑ፣ አንድ ክፍተት ለሁሉም አይሆንም፤ ለትልቁ ልክ ሲሆን ቀጭኑ ያመልጣል። መፍትሔው ሁለት ጊዜ ማሳለፍ ነው፦ መጀመሪያ በ1.3፣ ቀጥሎ በ0.9። ወይም ብቅሉን ሳይፈጭ በወንፊት ለሁለት ከፍሎ ትልቁንና ትንሹን ለየብቻ መፍጨት፤ ሥራ ይበዛዋል እንጂ ውጤቱ ከሁሉ የተሻለ ነው። ቅርፊቱ በቀላሉ የሚለቀው ሰነፍ ኮሎ ለጠላ ይሁን እንጂ ለገለባ ማጥለያ ብቻውን አይበቃም።

ዳጉሳና ጤፍ በገብስ ልክ ለተስተካከለ ሮለር አይታዩትም። የዳጉሳ ፍሬ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1.0 ክፍተት ትንሹ ሙሉ በሙሉ ያልፋል፣ ትልቁም ጫፉ ብቻ ይነካል። ወደ 0.5 ማጥበብ ይቻላል፣ ግን ቀጭን ሮለር በዚያ ልክ አይጎትትም። የዳጉሳ ብቅል የለመደ የጎጃም ጠማቂ በዲስክ ወይም በወፍጮ ቤት ይፍጨው። በቆሎ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ትልቅ ስለሆነ በሮለሮቹ መካከል አይያዝም። ክፍተቱን እስከሚሄድበት አስፍታችሁ ሰንጥቁት፣ ከዚያ በጠበበው ድገሙት፤ ወይም ያው ወደ ዲስኩ ተመለሱ።

ቤት የበቀለ ብቅል ወፍጮ ከመንካቱ በፊት ሥራ አለው። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲበቅል ሥሮቹ ተያይዘው ቂጣ ይሆናል፤ ሲደርቅ በእጅ ታሽቶ መለያየት፣ ሥሩም በሰፌድ መነፋት አለበት። ሥሩ በሮለር መካከል እንደ ጭድ ይጠቀለላል፣ ለቢራውም ምሬት ይጨምራል። ጠጠሩን አንተርትራችሁ አውጡ፤ አንድ ጠጠር የተወቀረውን ፊት ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል። እንክርዳዱን በተለይ ልቀሙ፤ መጠጡ ራስ የሚያዞረው ሁልጊዜ በአልኮሉ ብቻ አይደለም። እህል ማጉረሻው ውስጥ ጠንካራ ማግኔት ብታስሩ ሽቦና ምስማር ያስቀርላችኋል።

ድርቀቱን በጥርስ ፈትኑት። በደንብ የደረቀ ብቅል ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ጥርስ ላይ ከተለጠጠ ወይም ከተጣበቀ ገና ነው፤ እንዲህ ያለው በሮለር አይሰበርም፣ እንደ አጃ ቅንጣት ይጠፈጠፍና ጥርሶቹን በሊጥ ይደፍናቸዋል። አንድ ቀን ፀሐይ ይጨመርለት። ፀሐይ በሌለበት አገር ያላችሁ ምድጃውን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ አድርጋችሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ለጥቂት ሰዓት ተዉት። እርጥብ ብቅል ከዚያ በላይ ሙቀት ሲያገኝ ኢንዛይሙ ይሞታል።

ተቃራኒው ዘዴም አለ፤ ለደረቅ የፋብሪካ ብቅል ብቻ። 5 ኪሎ ሰፊ ዕቃ ላይ ዘርግታችሁ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ከፍላችሁ ርጩ፣ በየመካከሉ በእጅ አገላብጡ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆዩ። ገለባው ውሃውን ይጠጣና እንደ ቆዳ ይለጠጣል፣ ውስጡ ግን ደረቅ እንደሆነ ነው። እጃችሁ ላይ እርጥበት ካልቀረ ደርሷል። አሁን ክፍተቱን 0.1 አጥብባችሁ ብትፈጩ እንኳ ገለባው ሙሉ ይወጣል፤ የተፈጨው ክምር ከወትሮው ከፍ ብሎ ስታዩት ይገባችኋል። በመጨረሻ አንድ እፍኝ ደረቅ ብቅል አሳልፉ፣ ሮለሩ ዝገት እንዳይዘው።

በሞተር ሲነዳ

ሮለር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይበቃዋል። ሲፈጥን ብቅሉ ከመጨፍለቅ ይልቅ ይቀደዳል፣ ዱቄቱ ይበዛል። የእጅ ትራፓኖ ከሆነ 13 ሚሊ ሜትር የሚይዝ፣ ባለ ገመድ፣ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ይሁን። በዝቅተኛው ማርሽ እንኳ ብዙዎቹ 400 ዙር ስለሚያልፉ ቁልፉን ግማሽ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለ5 ኪሎ ለጥቂት ደቂቃ ይችሉታል፣ ለ20 ኪሎ ግን ይቃጠላሉ።

ብዙ የሚጠምቅ ሰው ሞተርና ቺንጋ ያስገባ። 50 ኸርዝ ባለበት በደቂቃ 1400 ዙር የሚሄድ ሞተር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ፣ ወፍጮው ላይ 35 ሴንቲ ሜትር ቢደረግ ልክ 200 ዙር ይመጣል። አሜሪካ 1725 ለሚዞረው ሞተር 2 ኢንችና 18 ኢንች 190 ገደማ ይሰጣል። ቺንጋው ላይ መከለያ አይቅር፤ ነጠላና ረጅም እጅጌ ከሚዞር ሻፍት አጠገብ አይቅረቡ። ሞተሩን መጀመሪያ አስነሡ፣ እህሉን ቀጥሎ አጉርሱ። እህል የሞላውን ወፍጮ ከቆመበት ማስነሣት ቺንጋውን ያንሸራትታል፣ ትራፓኖውን ደግሞ ከእጃችሁ ይነጥቃል።

እህሉ አልወርድ ሲል

ወፍጮው እየዞረ ብቅሉ ካልወረደ በእህሉ ተገፍቶ የሚዞረው ሁለተኛው ሮለር ቆሟል ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በቡሹ ውስጥ የገባ ዱቄት ነው፤ ነቅላችሁ ጥረጉት፣ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ጨምሩ። ካልሆነ ክፍተቱ ለሮለሩ ውፍረት ጠቧል፣ ወይም ብቅሉ እርጥብ ነው፣ ወይም ፍጥነቱ በዝቷል። ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ዙር መልሶ ማዞር ለጊዜው ይፈታዋል። አዲስ ወፍጮ ከሆነ ደግሞ አቅጣጫውን አረጋግጡ፤ ሮለሮቹ ከላይ ሲታዩ ወደ መካከል መዞር አለባቸው። የተፈጨው በአንድ ጎን ሙሉ ፍሬ፣ በሌላው ዱቄት ከሆነ ሁለቱ ጫፎች እኩል አይደሉም፤ ወደ ፊለር ጌጁ።

ፈሳሹ ከመዘፍዘፊያው አልወርድ ካለ ጥፋቱ ከወፍጮው ቢሆንም ዕለቱን ማዳን ይቻላል። መክፈቻውን አብዝቶ መክፈት ያባብሰዋል፤ ግርጌ የተነጠፈውን ገለባ ወደ ታች ይጠፈጥፈዋልና። ዝጉት፣ 75 ዲግሪ የሆነ ሁለት ሊትር ውሃ ከሥር በኩል ወደ ላይ ግፉበት ወይም ከላይ ጨምራችሁ በዝግታ አማስሉ፣ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ መክፈቻውን ጥቂት ብቻ ከፍታችሁ ጀምሩ። ስንዴ የበዛበት ወይም ደቃቅ የሆነ ብቅል መሆኑን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ከብቅሉ ክብደት ከ3 እስከ 5 ከመቶ የሩዝ ገለባ ጨምሩበት፤ ለ5 ኪሎ ከ150 እስከ 250 ግራም። ውጭ አገር በጠመቃ ዕቃ መደብሮች ይሸጣል፤ አገር ቤት ደግሞ ሩዝ የሚመረትበት ፎገራ አለ። አቧራው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ የሚጠመቀው ውስጥ ግን ሳይፈጭ ይግባ።

ወፍጮው ግን አይታጠብ። አዲስ ሲገዛ የፋብሪካውን ዘይት በጨርቅ ጥረጉ፣ ግማሽ ኪሎ ብቅል አሳልፋችሁ ለዶሮ ስጡት። ከዚያ ወዲያ ብሩሽ ብቻ። በማዕዘኖቹ የቀረ ብቅል ነቀዝ ይጠራል፣ ስለዚህ ከየፍጭቱ በኋላ ገልብጣችሁ አራግፉና ሸፍኑት። የሚፈጭበትም ክፍል ቢራው ከሚፈላበት ይራቅ፤ የብቅል አቧራ የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን ይይዛል። ጠላ መጎምዘዙን ይችለዋል፣ ቢራ አይችለውም። አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

የተፈጨ ብቅል ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይ፣ ያውም አየር በማያስገባ ዕቃ፤ ሳይፈጭ ግን በደረቅ ቦታ ዓመት ይቀመጣል። ክፍተቱን ደግሞ በየ50 ኪሎው ለኩት፣ በተለይ በሞተር የሚነዳ ከሆነ፤ ንዝረቱ ማጥበቂያ ብሎኖቹን ሳታውቁት ያላላቸዋል።